ፒኤስ ይሻላል፣ ኤክስቦክስ ወይስ ኒንቴንዶ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዘመድ ከውጪ ሊመጣ ነው በተባለ ቁጥር ስልኬ ይጮሃል። «የቱን የጌም ማሽን ላስመጣ?» ነው ጥያቄው፣ እኔም አንዴ ከጀመርኩ አልጨርስም፣ የደዋዩ ካርድ ያልቅና ሞልቶ ተመልሶ ይደውላል። ስለዚ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። ሁሉም የራሴ አስተያየት ነው፤ ያደግኩት ፒኤስ2 (የሶኒው ፕሌስቴሽን 2) ላይ ነው፣ ከዛ በኋላ የማይክሮሶፍቱ ኤክስቦክስም የኒንቴንዶው ስዊችም ቤቴ ገብተዋል፣ አንድ ማሽን ደግሞ በገዛ እጄ አቃጥያለሁ (እመጣበታለሁ)። የተናደደ ካለ ጆይስቲኩን ይዞ ይምጣ።

በአጭሩ ንገረኝ፣ የቱን ልግዛ?

ጓደኞችህ ያላቸውን።

አይ፣ የምሬን ነው ምጠይቅህ

እኔም የምሬን ነው። ሰው ስለ ግራፊክስ ስለ ፍሬም ምናምን ሲከራከር ይውላል፣ ገዝቶ ቤት ካስገባ በኋላ ግን ከወር በላይ የማይሰለቸው ከሰው ጋር የሚጫወተው ጌም ነው። የአጎትህ ልጅ ፒኤስ5 ካለው ሲዲ ትዋዋሳላችሁ፣ እሱ ስፓይደርማንን ሲጨርስ ላንተ ይሰጥሃል አንተ ጎድ ኦፍ ዋርን ትሰጠዋለህ፣ ቅዳሜ ደግሞ ጆይስቲኩን በፌስታል ይዞ ይመጣል። ከሰፈሩ አንተ ብቻህን ኤክስቦክስ ከገዛህ ማሽኑ ምንም ቢያምር ሲዲ የሚያውስህ የለም፣ ሲበላሽም «እኔም ጋ እንደዚ ሆኖ ነበር እንዲ አድርገው» የሚልህ የለም። ብቻዬን ነው ምጫወተው ካልክ ግን ወሬው ሌላ ነው፣ ስለ ኒንቴንዶ የጻፍኩትን እይ።

እኛ ጋ ለምንድነው ሁሉም ማሽን «ፕሌስቴሽን» የሚባለው?

እናቴ እስከ ዛሬ ስዊቹንም «ያንን ፕሌስቴሽንህን ከጠረጴዛው ላይ አንሳልኝ» ነው የምትለው፣ አልፈርድባትም።

ምክንያቱ ፕሌስቴሽን ቤት ነው። የኛ ሰፈሩ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች፣ ፀሐይ ቲቪው ላይ እንዳያርፍ በሩ ላይ ብርድልብስ ተጋርዶ፣ ሶስት ወፍራም ቲቪ፣ ፊት ለፊታቸው አግዳሚ ወንበር፣ ባለቤቱ በር ላይ ቁጭ ብሎ ሳንቲም ይቆጥራል። ህጉ ተሸናፊ ከፋይ ነው። አሸናፊ እዛው ይቀመጣል፣ ተሸናፊ ከፍሎ ይነሳል፣ ጎበዝ የሆነ ልጅ በአንድ ብር ገብቶ ማታ እናቱ በሩ ላይ መጥታ እስክትጠራው ሊጫወት ይችላል። የማሽኑ ሌንስ ሲደክም በጎኑ ያቆሙታል፣ ካልሆነ ጀርባውን ገልብጠው ያስነሱታል፣ ሲዲ ሲቧጨር እፍ ተብሎ በሸሚዝ ጫፍ ይጠረጋል (ኮልጌት የሚቀባም አለ፣ እኔም ቀብቻለሁ፣ አንዳንዴ ይሰራል)።

ግን ለምን ሶኒ ሆነ ካልክ ነገሩ የሚጀምረው በክህደት ነው። ሶኒ መጀመሪያ ከኒንቴንዶ ጋር ነበር የሚሰራው፣ ለሱፐር ኒንቴንዶ የሚሆን የሲዲ ማጫወቻ ሊያወጡ ተስማምተው፣ በ1991 አሜሪካ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ኤግዚቢሽን ላይ ሶኒ ይሄንን ይፋ ባደረገ ማግስት ኒንቴንዶ ተነስቶ «እኛ ከፊሊፕስ ጋር ነን» አለ። በሰው ፊት። ኬን ኩታራጊ የሚባለው የሶኒ ኢንጅነር ግን ነገሩን አልተወውም፣ የራሳችንን እንስራ ብሎ ተከራክሮ በዲሴምበር 1994 ፕሌስቴሽን ጃፓን ውስጥ ወጣ። ኒንቴንዶ 64 በ1996 ሲመጣ አሁንም በካርትሪጅ ነበር፣ እኛ ካሴት የምንለው፣ ካሴት ደግሞ ለመስራት ውድ ነው የሚይዘውም ትንሽ ነው፣ ሲዲ ግን በርካሽ ይታተማል ብዙ ይይዛል። ፋይናል ፋንታሲን የመሰለ ኒንቴንዶ ቤት ያደገ ጌም ሳይቀር ሰባተኛውን ይዞ በ1997 ወደ ሶኒ ኮበለለ።

ሲዲ መሆኑ ለኛ ዓይነት አገር ሌላ ትርጉምም ነበረው፣ ይገለበጣላ። የተቀዳ ሲዲ እንዲያነሳ ቺፕ የተገጠመለት ማሽንና የተቀዳው ሲዲ ባይኖር ኖሮ ፕሌስቴሽን ቤት የሚባል ነገር አይኖርም ነበር፣ ይሄን ደብቄ ታሪክ አላወራም። ፒኤስ2 በ2000 ሲወጣ ደግሞ ዲቪዲ ያጫውታል፣ ስንቱ ልጅ ነው አባቱን «ፊልምም ያሳያል እኮ» ብሎ ያሳመነው። ሶኒ ራሱ እንደተናገረው ወደ 160 ሚሊዮን ተሸጧል።

ፔስ ወይስ ፊፋ?

ይሄ የዕድሜ ጥያቄ ነው፣ መልስህን ሰምቼ ስንት ዓመት እንደሆነህ እነግርሃለሁ።

ሁለቱም የኳስ ጌም ናቸው፣ ፔስ ኮናሚ የሚባለው ኩባንያ ነው፣ ፊፋ ደግሞ የኢኤ። ለኔ ፔስ። ፔስ 6 ላይ በኛ ሰፈር ኢንተርን መምረጥ ክልክል ነበር፣ ምክንያቱም አድሪያኖ። የሹት ጉልበቱ 99 ነበር በቃ ከዛ በላይ የለም፣ ከመሃል ሜዳ ትንሽ አለፍ ትልና የካሬ ምልክት ያላትን ቁልፍ ተጭነህ ትለቃለህ፣ በረኛው ገና እጁን ሲዘረጋ ኳሷ መረቡ ውስጥ ናት። ባለቤቱ ግድግዳው ላይ «ዱቤ የለም» ብሎ ከጻፈው ስር በዛው ማርከር «ኢንተር የለም» ብሎ ጨመረበት። ለምን ቢባል ጨዋታ ቶሎ ቶሎ በጠብ እያለቀ ነበር።

የፊፋና የፔስ ልዩነት ጣት ውስጥ ነው ያለው። ፔስ ላይ ካሬ ሹት ነው ክብ ረጅም ኳስ፣ ፊፋ ላይ ተገልብጦ ክብ ሹት ነው ካሬ ክሮስ። ቤቱ ወደ ፒኤስ3 እና ወደ ፊፋ ሲቀየር ለሶስት ሳምንት ያየነው ጉድ መቼም አይረሳኝም፣ ዕድሜ ልኩን ፔስ የተጫወተ ሰው ከበረኛ ጋር አንድ ለአንድ ተፋጦ ደርሶ ካሬዋን ይጫንና ኳሷን ወደ ኮርና ባንዲራ ይልካታል። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ሴቲንግ ገብቶ «ኦልተርኔት» የሚለውን፣ ቁልፎቹን እንደ ፔስ የሚያደርገውን፣ መምረጥ ይቻላል፣ ግን ከኋላህ አምስት ሰው ተራ እየጠበቀ ማን ሴቲንግ ያስገባሃል።

ፊፋ ያሸነፈው በኳሱ ሳይሆን በስም ነው ባይ ነኝ። ፔስ ላይ ሊቨርፑል «መርሲሳይድ ሬድ» ነበር ቼልሲ «ሎንደን ኤፍሲ»፣ ማሊያውም የውሸት። እርግጥ ስሙን አንድ በአንድ አስተካክለው በሜሞሪ ካርድ ሰፈር ለሰፈር የሚያዞሩ ጀግኖች ነበሩ፣ እግዜር ይስጣቸው። ፊፋ ግን ሁሉም እንዳለ ነው፣ ስታዲየሙ ዘፈኑ ኮሜንታተሩ። የሚገርመው ኢኤ ራሱ በኋላ ከፊፋ ድርጅት ጋር በስም ተጣልቶ ፊፋ 23 የመጨረሻው ሆነ፣ ከ2023 ጀምሮ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ነው የሚባለው፣ እኛ ግን ዕድሜ ልካችንን ፊፋ ነው የምንለው። ፔስ ደግሞ በ2021 ኢፉትቦል ተብሎ ነፃ ሆነ፣ ሲወጣ የተጫዋቾቹ ፊት ሌሊት ህልም ላይ የሚመጣ ነበር፣ ኮናሚም ይቅርታ ጠይቋል። አሁን ተስተካክሏል፣ ታናሼ ስልኩ ላይ ከሱ ሌላ አያውቅም።

ለኳስ ብቻ ከሆነ የምትገዛው፣ ኤፍሲ ፒኤስ5 ላይም ኤክስቦክስ ላይም አንድ ነው፣ ኦንላይን ላይ እርስ በርስ ትገጥማላችሁ። ስዊች ላይ ግን ያገለገለ ፊፋ ስትገዛ ተጠንቀቅ፣ ከ20 እስከ 23 ያሉት ማሊያና የተጫዋች ዝርዝር ብቻ የተቀየረ ያው አሮጌው ጌም ናቸው። ከኤፍሲ 24 ወዲህ ነው ሰው የሆነው።

ኤክስቦክስ ታዲያ ምን በድሎ ነው?

ምንም አልበደለኝም፣ እንደውም ኤክስቦክስ 360ን ከማንም በላይ እወደዋለሁ። ኖቬምበር 2005 ወጣ፣ ከፒኤስ3 አንድ ዓመት ቀድሞ፣ ፒኤስ3 ደግሞ ሲመጣ ትልቁ 599 ዶላር፣ ሶኒ ያን ጊዜ እብሪት ላይ ነበር። ሄሎ 3 የሚባለውን የተኩስ ጌም አንዱን ቲቪ ለአራት ከፍለን የተጫወትንበት ክረምት… ጎረቤት የሚያስቆጣ ጩኸት ነበር። ግን 360ው ፊቱ ላይ ቀይ መብራት አብርቶ የሚሞትበት በሽታ ነበረው፣ ዓለም ሁሉ ያወቀው ነው፣ ማይክሮሶፍት በ2007 ዋስትናውን ለዚህ ችግር ወደ 3 ዓመት አራዝሞ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ መድቦበታል። አሜሪካ ያለ ሰው ፖስታ ቤት ወስዶ ይልከዋል ይሰሩለታል። አዲስ አበባ ያለ ሰው የት ይውሰደው?

ቀጥሎ 2013። ለኔ ጦርነቱ ያለቀው ያን ዓመት ነው። ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋንን ሲያስተዋውቅ በየ24 ሰዓቱ ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ሲዲ ለሰው መስጠትም እንደ ድሮ አይደለም ገደብ አለው አለ፣ ዋጋውም አብሮት ከሚመጣው ካሜራ ጋር 499 ዶላር። ሶኒ 399 አለ፣ ከዛ አንድ አጭር ቪዲዮ ለቀቀ፣ «በፒኤስ4 ጌም እንዴት ማጋራት ይቻላል» የሚል። አንዱ ኃላፊ ሲዲውን ለሌላው ያቀብለዋል፣ ያኛው «ታንክ ዩ» ይላል፣ አለቀ። ሃያ ምናምን ሰከንድ ነው። ሲዲ በሸሚዝ ውስጥ ደብቆ እየተዋዋሰ ላደገ ሰው ያ ቪዲዮ ምን ማለት እንደሆነ አስበው። ማይክሮሶፍት በሳምንታት ውስጥ ሃሳቡን ቀየረ፣ ማሽኑ ሲወጣም እንደዛ አልነበረም፣ ግን አንዴ ከአፍ የወጣ…

ከዛ ወዲህ በብር ሞከሩ። በ2017 ጌም ፓስን አመጡ፣ ወርሃዊ ከፍለህ ብዙ ጌም የምታወርድበት፣ በ2023 አክቲቪዥን ብሊዛርድን በ68.7 ቢሊዮን ዶላር ግዢ ጨረሱ። አሁን ደግሞ የራሳቸውን ጌም ፒኤስ5 ላይ እየሸጡ ነው፣ ፎርዛ ሆራይዘን 5 እና ጊርስ ኦፍ ዋር በ2025 መጡ። ፎርዛ ፒኤስ ላይ ሲነዳ ያየሁ ቀን የልጅነት ጠላቴ ቤት ገብቶ ቡና ሲጠጣ ያገኘሁት ነው የመሰለኝ። ታዲያ ኤክስቦክሱን ለምን ልግዛ ብትለኝ አንድ ጥሩ ምክንያት አለኝ፣ አዲሱ ኤክስቦክስ፣ ሲሪየስ ኤክስ የሚባለው፣ የ360ንም የመጀመሪያውን ኤክስቦክስም ብዙ ሲዲ ያነሳል፣ ፒኤስ5 ግን ከፒኤስ4 ወደ ኋላ ሲዲ አያውቅም። የድሮ ጌም ወዳጅ ከሆንክ ከሱ የተሻለ የለም። ሲሪየስ ኤስን እያልኩ አይደለም፣ እሱ ሲዲ ማስገቢያ የለውም።

ኤክስቦክስ 12 ቴራፍሎፕስ ነው ፒኤስ5 10 ነው ይሉኛል፣ ለውጥ አለው?

ቴራፍሎፕስ የማሽኑ ጉልበት መለኪያ ነው፣ 12 ከ10 ይበልጣል፣ እስማማለሁ። ሶፋ ላይ ተቀምጠህ የቱ የቱ እንደሆነ ከለየህ ምሳ እጋብዝሃለሁ። ዊ የሚባለው የኒንቴንዶ ማሽን ከሁለቱ ተፎካካሪዎቹ በጉልበት ደካማው ሆኖ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል።

ኒንቴንዶ የልጅ ነው የሚባለው እውነት ነው?

ዘልዳ የሚባለውን የኒንቴንዶ ጌም ያልተጫወተ ሰው ወሬ ነው። እኔም እል ነበር። ከዘልዳዎቹ አንዱን፣ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድን፣ የጀመርኩት መብራት በጠፋበት ማታ ነው፣ የጓደኛዬ ስዊች ነበር፣ በእጅ ተይዞ በባትሪ የሚሰራ፣ ለግማሽ ሰዓት ብዬ ያዝኩት። ሩቅ ተራራ አየሁ፣ እዛ ይወጣል እንዴ ብዬ መቧጠጥ ጀመርኩ፣ ግማሹ ላይ ስደርስ ዝናብ ጣለና ድንጋዩ አንሸራተተኝ፣ ወደቅኩ። ማንም ዝናብ ድንጋይ ያንሸራትታል አላለኝም፣ ጌሙ እንደ እውነቱ ዓለም ነው የሚያስበው። ቀጥሎ ሜዳ ላይ መብረቅ መጣ፣ ጀርባዬ ላይ ያለው ጎራዴ ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረ፣ ምን እንደሆነ ሳይገባኝ መታኝና ሞትኩ፤ ብረት ይዘህ መብረቅ ስር አትቆምም ለካ። በሶስተኛው ጎራዴውን ወርውሬው ሮጥኩ። ባትሪው አልቆ ሲጠፋ ሌሊት 9 ሰዓት ነበር፣ ጓደኛዬ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዶታል።

ያ ባትሪ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከ2019 ወዲህ የተሰራው ስዊች እንደ ጌሙ ከ4 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ይቆያል፣ የመጀመሪያው የ2017ቱ ያነሰ ነው። መብራት በሳምንት ስንቴ በሚጠፋበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ይሄ ከቴራፍሎፕስ ሁሉ ይበልጣል። ፒኤስ5 መብራት ሲጠፋ ዕቃ ነው፣ የአበባ ማስቀመጫ አድርገው።

ስለ ኩባንያው ባወራህ ደስ ይለኝ ነበር፣ በ1889 ካርታ በማተም የጀመሩ ሰዎች ናቸው፣ ኮንከርና ካሮሜል ምናምን የምንጫወትበትን ዓይነት ካርታ ሳይሆን የጃፓኑን። ወድቀው መነሳት ያውቁበታል፣ ዊ ዩ የሚባለውን 13 ሚሊዮን ተኩል ብቻ ሽጠው ሰው ሁሉ አለቀላቸው ሲል ስዊችን ይዘው መጡ።

የምጠላውም አለ። ዋጋ አይቀንሱም፣ ክርር ያሉ ሰዎች ናቸው። የሶኒ ጌም ዓመት ሲሞላው በግማሽ ታገኘዋለህ፣ የ2017 ማሪዮ ካርት ግን ዛሬም እንደ ትላንት ነው የሚሸጠው። የስዊች 2ቱ ማሪዮ ካርት ወርልድ ጭራሽ 80 ዶላር።

ስዊች 2ስ?

ጁን 5 2025 ወጣ፣ ሲወጣ 450 ዶላር ገደማ ነበር። ስክሪኑ ትልቅ ነው የድሮውን ስዊች ጌሞች አብዛኛውን ያጫውታል፣ ባትሪው ግን ከ2 እስከ 6 ሰዓት ተኩል ነው፣ ወደ ኋላ ሄዷል። ስዊች ኖሮህ የማያውቅ ከሆነ እሱን ግዛ። ካለህ ግን አትቸኩል። ካሴቱን ስትገዛ ደግሞ «ጌም ኪ ካርድ» የሚል ካለበት ውስጡ ጌም የለም፣ ቁልፍ ብቻ ነው፣ ጌሙን በኢንተርኔት ነው የምታወርደው። ሻጩ ላይነግርህ ይችላል።

ከአሜሪካ የመጣ ማሽን እዚ ይሰራል ወይስ ይቃጠላል?

መጣሁበት። የኛ መብራት 220 ነው የአሜሪካው 120። ፒኤስ4፣ ፒኤስ5፣ ሲሪየስ ኤክስና ኤስ፣ የስዊች ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ይቀበላሉ፣ ሶኬቱን የሚያስተካክል ትንሽ አዳፕተር ብቻ ነው የሚያስፈልግህ። ችግሩ አሮጌዎቹ ላይ ነው።

አጎቴ ከአሜሪካ ሲመጣ የልጁን አሮጌ ማሽን አመጣልኝ፣ የቱ እንደሆነ አልናገርም፣ ጥፋቱም የኔ ነው። ሻንጣው ተከፍቶ ሽሮና በርበሬ ለመመለሻ ገና ሳይታሰብ እኔ ማሽኑን ይዤ ክፍሌ ገብቻለሁ። እንደ ጡብ የሚያክል ፓወር ነበረው፣ ግድግዳው ላይ ሰካሁት። «ጧ» አለ። ከዛ ሽታው፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ከአሳ ጋር የተቀላቀለ የሚመስል ሽታ፣ ሳሎን ድረስ ደረሰ። አጎቴ መጥቶ ጡቡን ገልብጦ አየውና ምንም አላለም፣ ጣቱን ብቻ ጽሑፉ ላይ አደረገ፣ 120 ቮልት ይላል። ስለዚ ፓወሩን ገልብጠህ አንብብ። 120 ብቻ ካለ ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር ግዛ፣ ጉልበቱ ማሽኑን የሚችል መሆኑን አስተያይ፣ የስልክ ቻርጀር የምታክለዋ አትችለውም።

እና መብራት የሚሄድ የሚመጣበት ሰፈር ከሆንክ ስታቢላይዘር፣ ማሽኑንም በሬስት ሞድ (ሳይጠፋ በእንቅልፍ) አታሳድረው፣ ሙሉ በሙሉ አጥፋው።

ኢንተርኔቴ ደካማ ነው፣ ባለ ሲዲውን ነው ያለ ሲዲውን?

ባለ ሲዲውን። ባለ ሲዲውን። ያለ ሲዲው ረከስ ይላል፣ በዛ ትታለላለህ፣ ከዛ አንድ ጌም ለማውረድ 100 ጊጋ ምናምን ትባላለህ፣ ሌሊቱን ሙሉ ወርዶ 80 ፐርሰንት ላይ መብራት ይጠፋል። ሲዲ ካለህ አብዛኛው ነገር ከሲዲው ይጫናል፣ ጨርሰህም ትሸጠዋለህ ትቀይረዋለህ ታውሰዋለህ። ጌም ፓስም እንደዛው ነው፣ ዋሽንግተን ወይ ፍራንክፈርት ላለ ዘመዴ ግዛ እለዋለሁ (ምንም እንኳን ትልቁ ጥቅል በ2025 ወደ 30 ዶላር ቢዘልም)፣ እዚ ላለ ሰው ግን መቶ ጌም ያለበት መደርደሪያ በመስኮት ማየት ነው። አንድ ነገር ልብ በል፣ የቀጭኑን ፒኤስ5 የሲዲ ማስገቢያ ለብቻው ገዝተህ የምትገጥም ከሆነ መጀመሪያ ላይ አንዴ ኢንተርኔት ይጠይቅሃል። ፒኤስ5 ፕሮም በ2024 ሲወጣ 700 ዶላር ተጠይቆበት ሲዲ ማስገቢያ የለውም፣ ይሄን ሳስበው ይናድደኛል።

አካውንት በኢትዮጵያ ይከፈታል?

ፕሌስቴሽን ላይ አገራችን ዝርዝሩ ውስጥ የለችም፣ ሰው የአሜሪካ ወይ የኤምሬትስ ይከፍታል። የምትሞላው ካርድ ከአካውንቱ አገር ጋር አንድ መሆን አለበት፣ የአሜሪካ ከከፈትክ ሜሪላንድ ያለችው አክስትህ ኮዱን በቴሌግራም ትልክልሃለች። ሲዲው የትም ቢገዛ ይሰራል፣ ዲኤልሲ (ለጌሙ በኢንተርኔት የሚገዛ ተጨማሪ ክፍል) ግን ከሲዲው ክልል ጋር መግጠም አለበት፣ ሲዲህ የዱባይ ሆኖ አካውንትህ የአሜሪካ ከሆነ ዲኤልሲውን ገዝተህ አይከፍትልህም። ስዊች እዚ ላይ ቀለል ይላል፣ አካውንቱን አገር መቀየር ይቻላል። በርካሽ አካውንት እሸጣለሁ የሚልህን ግን ሽሸው።

ያገለገለ ፒኤስ4 ዛሬ መግዛት ያዋጣል?

እንዴታ። ኤፍሲ 26 ራሱ ፒኤስ4 ላይ ወጥቷል፣ ጂቲኤ 5፣ ብላድቦርን፣ የ2018ቱ ጎድ ኦፍ ዋር፣ ዓመት ሙሉ አትጨርሰውም። ሳትከፍል በፊት ግን ሲዲ አስገብተህ ግማሽ ሰዓት አጫውተው፣ ከባድ ጌም ይሁን፣ ፋኑ እንደ ሄሊኮፕተር ከጮኸ ውስጡ አቧራ ነው፣ ሙቀት የሚያስወጣው ፔስትም ደርቋል፣ ዋጋ አስቀንስበት። ሻጩ «አሁን ነው የጠረግኩት» ይላል። ሁሉም ይላል።

ጂቲኤ 6 ስዊች ላይ ይወጣል?

የተባለው ፒኤስ5 እና ኤክስቦክስ ሲሪየስ ብቻ ነው። ሁለቴ ተገፍቶ ኖቬምበር 19 2026 ተብሏል። ለሱ ብለህ ዛሬ ማሽን አትግዛ፣ ሲወጣ ግዛ።

ለ8 ዓመት ልጄ ምን ልግዛለት? ጂቲኤ ግዥልኝ እያለ አስቸግሮኛል

እትዬ፣ ጂቲኤ እንዳይገዙለት። ሽፋኑ ላይ 18 የሚል ቀይ ምልክት ያለው ለጌጥ አይደለም፣ የጓደኞቹ እናቶች ስላላዩት ነው ሁሉም ያለው። ስዊች ይግዙለት፣ ያገለገለም ይሁን፣ ማሪዮ ካርት ያስገቡለትና እርስዎም አንዴ ይንዱ፣ መሪውን ራሱ የሚያስተካክል ምርጫ አለው ከመንገድ አይወጡም። ስልክዎ ላይ ደግሞ በቀን ስንት ሰዓት እንደተጫወተ የሚያሳይና የሚገድብ አፕ አለው፣ ለልጁ እኔ እንደነገርኩዎት እንዳይነግሩብኝ።

ፒሲስ?

ፒሲ ሌላ ሃይማኖት ነው።

የማን ጆይስቲክ ይሻላል? ሁለተኛስ ልግዛ?

እጅ ላይ የሚመቸው የኤክስቦክስ ነው፣ የፒኤስ ሰው ሆኜም አምናለሁ። ግን በባትሪ ድንጋይ ነው የሚሰራው፣ 2026 ደርሰን ሱቅ ሄጄ «ሁለት ድንጋይ ስጠኝ» እላለሁ፣ በሌላ በኩል መብራት ሲጠፋ ድንጋይ ቀይረህ ትቀጥላለህ ማለት ነው (ቲቪው ከበራ!)። የፒኤስ5ቱ ቻርጅ ነው፣ ግን ጣትህ ስር የሚንቀጠቀጠው ነገር፣ የቀስት ገመድ ስትስብ ማስፈንጠሪያው ሲከብድህ፣ ሌላው ጋ የለም። የስዊቹ ጆይስቲክ፣ ጆይኮን የሚባለው፣ ለትልቅ እጅ አልተሰራም፣ በአውራ ጣት የሚገፋው ዱላም ሳትነካው ብቻውን መሄድ ይጀምራል፣ የታወቀ በሽታው ነው።

ሁለተኛ አዎ፣ ከማሽኑ ጋር አብረህ አስመጣ፣ ብቻህን የገዛኸው ለማን ብለህ ነው። እዚ ላይ ኤክስቦክስ ያሸንፋል፣ የኤክስቦክስ ዋን አሮጌ ጆይስቲክ ሲሪየሱ ላይ ሁሉንም ጌም ያጫውትሃል፣ የፒኤስ4ቱ ግን ፒኤስ5 ላይ የፒኤስ4 ጌም ብቻ ነው። ይሄን ሳላውቅ የድሮዬን አስቀምጬ ነበር፣ የመጀመሪያው ቅዳሜ ጎረቤቴ ለኤፍሲ መጣ፣ ሰካንለት፣ አልሰራም፣ የፒኤስ4ቱን እትም ፈልገን አስገብተን እስክንጀምር እሱ ሁለት ስኒ ቡና ጠጥቷል። 3 ለ 1 አሸነፈኝ፣ ከፈልኩ።